ነጭ ሁሉ ጨው አይደለም!



«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚል ተረት ታውቃላችሁ። ተረቱ ለሰው ምክር ነው። እኛ ግን ዛሬ ሳይንስ እንማርበት። ጨውን ጨው ያሰኘው ንጣቱ አይደለም፤ ነጭ ድንጋይም ነጭ ነው። ጨውን ጨው ያሰኘው ጠባዩ ነው።

እስቲ ቤታችሁን ተመልከቱ። አረርቲ ገበያ ወጥታችሁ ጨው ትገዛላችሁ። ነጭ ነው። ለጤፉ የሚበተን ዩሪያ በጆንያ ታስቀምጣላችሁ። እሱም ነጭ ነው። ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ ይኖራችኋል። እሱም ነጭ ነው። ሦስቱን በመልክ ብቻ የሚለይ ሰው አንድ ቀን ይሳሳታል። ሳይንስ ግን መልክ አይቶ ብቻ አይፈርድም። አንድ ነገር ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ያያል። ይህ ኬሚካላዊ ጠባይ ይባላል።

ሦስት ወገኖች

አንደኛው ወገን አሲድ ነው። ሎሚን የሚያኮመጥጠው አሲድ ነው። አሬራንም የሚያኮመጥጠው አሲድ ነው። በጠዋት ወደ ሽምብራ ማሳችሁ ግቡ። በቅጠሉ ላይ ያለው ጤዛ ይኮመጥጣል። ሽምብራው በጥቃቅን ጸጉሮቹ አሲድ ስለሚያወጣ ነው።

ሁለተኛው ወገን ቤዝ ነው። በእጅ ሲያሹት ያሟልጫል። የአመድ ውሃ፣ ሳሙናና ኖራ ከዚህ ወገን ናቸው።

ሦስተኛው ወገን ጨው ነው። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያበርዳል። ጨውና ውሃ ይሆናሉ። እንግዲህ በሳይንስ ጨው ማለት የወጥ ጨው ብቻ አይደለም። ብዙ ዓይነት ጨው አለ። የሚበላ አለ፤ መርዝም አለ።

እናንተው ሞክሩት

ጥቂት እርድ በውሃ በጥብጡና ነጭ ጨርቅ ንከሩበት። ጨርቁ ቢጫ ይሆናል። አመድ በውሃ ዘፍዝፋችሁ ጥሉት፤ ከጥሉሉ ጨርቁ ላይ ጠብ አድርጉ። ጨርቁ ይቀላል! አሁን ሎሚ ጭመቁበት። ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። አልጫ ወጥ የፈሰሰበት ነጠላ በሳሙና ሲታጠብ የሚቀላውም በዚህ ምክንያት ነው። ሳሙናው ቤዝ ነውና። ይህ ሙከራ ግን ለጓዳ ዕቃ ብቻ ነው። ማዳበሪያንና መድኃኒትን አይለይም።

ዩሪያስ?

ዩሪያ የወጥ ጨው ዘመድ አይደለም። ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። በአፈር ውስጥ ተለውጦ ጤፉን ይመግባል። በከብት ሆድ ውስጥ ግን ቶሎ ወደ አሞንያ ይለወጣል። ሲበዛ አሞንያው መርዝ ነው። ጨው ነው ብሎ ለበሬው ዩሪያ ያቀረበ ገበሬ በሬውን ሊያጣ ይችላል።

የኢራቅ ገበሬዎች መከራ

ይህ ስሕተት በሰውም ላይ ደርሷል። በ1964 ዓ.ም. ኢራቅ በምትባል አገር ለገበሬዎች የስንዴና የገብስ ዘር ተከፋፈለ። ዘሩ ሻጋታ እንዳያጠፋው ሜርኩሪ ወይም ባዜቃ ባለበት መድኃኒት የታሸ ነበር። ለማስጠንቀቂያም ቀለም ተቀብቷል። በጆንያው ላይ ማስጠንቀቂያ ቢጻፍም የተጻፈው በእንግሊዝኛና በስፓንኛ ነበር። ገበሬው ማንበብ አልቻለም።

ብዙዎች ዘሩን አጠቡት። ቀለሙ ለቀቀ። «ቀለሙ ከሄደ መርዙም ሄዷል» አሉና ጋግረው በሉት። መርዙ ግን አልሄደም። አንዳንዶች አስቀድመው ለዶሮ ሰጥተው ነበር። ዶሮዎቹ ለጊዜው ምንም አልሆኑም። ይህ መርዝ ሕመሙን የሚያሳየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከ6,500 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። ከነዚህ ውስጥ 459 ሞቱ።

እነዚያ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። እንደማንኛችንም በዓይናቸው አምነው ነው። ቀለም መልክ ነው፤ በውሃ ይሄዳል። የመርዙ ጠባይ ግን በመታጠብ አልተለወጠም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• የማታውቁትን ነጭ ነገር ለመለየት ብላችሁ አትቅመሱ።
• ዩሪያና የተባይ መድኃኒት ከጨውና ከእህል አርቃችሁ፣ ልጅና ከብት በማይደርስበት አስቀምጡ።
• መድኃኒት በሃይላንድ ወይም በዘይት ጀሪካን አትገልብጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።
• በመድኃኒት የታሸ ዘር ለመሬት እንጂ ለሆድ አይደለም። አጥባችሁም አትብሉት፤ ለዶሮም አትስጡት።
• በጆንያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ቋንቋው ባዕድ ከሆነ የግብርና ሠራተኛውን ጠይቁ።

አባቶችና እናቶች! ፊደል የቆጠራችሁት ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ እርሳስና ወረቀት አንሡ። «ዩሪያ»፣ «ጨው»፣ «መርዝ» ብላችሁ በገዛ እጃችሁ ጻፉ። በየዕቃው ላይ ለጥፉት። ማንበብ ላልቻለው ጎረቤታችሁም አንብቡለት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና!