ደረጃ በደረጃ የሚወድቅ ገጸ ባሕርይ

በቆቦና በራያ ቆላ የሚኖር ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ወደ ማሽላ ማሳው ይመራዋል። በልኩ የገባው ውሃ ሰብሉን ያፋፋል፤ ከልኩ ያለፈው ግን ክትሩን ጥሶ አፈሩን ከነማሽላው ይወስዳል። ክትሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚጣሰው በአንዴ አይደለም፤ በመጀመሪያ ውሃው በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካል። የሰው ምኞትም እንዲሁ ነው። በልክ ከተያዘ ያለማል፤ ልክ ካጣ ግን ባለቤቱን ጠርጎ ይወስዳል።

ደራስያን ይህን የምኞት መዘዝ ለማሳየት፣ የታሪኩ ዋና ሰው ሆኖ ሳለ ምግባሩ የማያስመሰግን ገጸ ባሕርይ ይቀርጻሉ። ከ2000 እስከ 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው «ብሬኪንግ ባድ» የተባለው ድራማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዋልተር ዋይት የኬሚስትሪ መምህር ነው። ኑሮው አነስተኛ፣ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት። የሳንባ ካንሰር እንደያዘው ሲነገረው «ከሞትሁ በኋላ ቤተሰቤ ምን ይበላል?» በሚል ጭንቀት ሜታምፌታሚን የተባለውን አደገኛ ዕፅ ከቀድሞ ተማሪው ጋር መሥራት ይጀምራል። ባለጸጋ የሆኑ የጥንት ባልንጀሮቹ የሕክምናውን ወጪ ሊሸፍኑለት ቢፈልጉም ኩራቱ እንዳይቀበል ያደርገዋል። የክትሩ ቀዳዳ ይህ ነው።

ለቤተሰቡ ይበቃል ብሎ ያሰላው ገንዘብ 737 ሺህ ዶላር ነበር። ውሎ አድሮ ግን 80 ሚሊዮን ያህል ዶላር አከማቸ። በመጀመሪያ ሰው ለመግደል ባሰበ ጊዜ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ምክንያት በወረቀት ጽፎ መዝኖ ነበር። በኋላ ግን በወህኒ ቤት ያሉ ሰዎችን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያስገድላል። በመጨረሻም ሁሉን ያደረገው ለራሱ እንደ ነበረ ለሚስቱ ያምናል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሱት የሼክስፒር ተውኔት ውስጥም ማክቤዝ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ንጉሥ ደንካንን የሚገድለው ብዙ ካመነታ በኋላ ነው፤ የማክደፍን ሚስትና ልጆች ግን ሳያመነታ ያስጨርሳል። ሁለቱም ገጸ ባሕርያት ከበደል ወደ በደል ሲሸጋገሩ ያለፈው በደል ለሚቀጥለው መንገድ ይጠርግለታል። «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» የሚለውም አባባል የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ተመልካች ለዋልተር ስለሚያዝን የመጀመሪያውን ጥፋት ይቅር ይለዋል፤ ከዚያም ሁለተኛውን። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድርሰት ሰውየውን ብቻ ሳይሆን የእኛንም ፍርድ ይፈትናል። እናንተም የእንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ታሪክ ስትጽፉ «ክፉ ሰው ነበር» ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ችግሩን፣ ቀጥሎ ለጥፋቱ የሰጠውን ምክንያት፣ ከዚያም ሊመለስ ሲችል ያልተመለሰባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል አሳዩ። ፍርዱን ለአንባቢ ተዉለት።

መልመጃ
1. ዋልተር ሊመለስ ይችል የነበረው የት ላይ ነው? በምክንያት አስረዱ።
2. «ካመነታ በኋላ» እና «ሳያመነታ» የሚሉት አነጋገሮች የማክቤዝን ለውጥ እንዴት እንደሚያሳዩ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።
3. በአካባቢያችሁ በጎርፍ ውሃ ክፍፍል ላይ ከጎረቤቱ ድርሻ ጥቂት በመውሰድ የጀመረ ገበሬ እያደር የደረሰበትን በሦስት አንቀጽ ጻፉ።