ከመግሪብ በፊት የሚወጣ ቃል

ረመዷን ሲገባ እዝነትም ድካምም አብረው ወደ ቤታችን ይገባሉ። ሚስት እየፆመች ማጀት ትውላለች፤ ባል ፆሞ ከሥራ ይመለሳል። ከመግሪብ አዛን በፊት ባለችው ጥቂት ሰዓት ትንሽ ቃል ትልቅ ጠብ ታስነሳለች። እኛ የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ኢማሞች ይህን የምናውቀው ከተራዊህ በኋላ መስጂድ ደጃፍ ላይ ከሚጠብቁን ባለትዳሮች ነው።

ቀድሞ እንዲህ ያለው ቅሬታ ለእናት፣ ለአክስት ወይም ለሸኽ ይነገር ነበር። ዛሬ ግን ስልካቸውን አውጥተው፣ ከኅዳር 2015 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት እንደሆነው ቻትጂፒቲ ያለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ የሚጠይቁ አሉ። «ይፈቀዳል ወይ?» ይሉናል። ቅሬታን መናገር በራሱ ነውር አይደለም። ኸውላ ቢንት ሰዕለባ ስለ ባሏ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤት ብላ፣ አላህ አቤቱታዋን ሰምቶ ሱረቱል ሙጃደላህ ወርዷል። መጠየቁ ክፋት የለውም፤ ቁም ነገሩ የምንጠይቀው ላይ ነው። መሣሪያው ምላስን ለማለስለስ ይረዳን፤ ዳኛ ግን አናድርገው።

ለምን ቢባል፣ የሚሰማው የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ነው። «ባለቤቴ አታከብረኝም» ብሎ ለጻፈ ባል የሚመልሰው፣ እርሱ በነገረው ልክ ነው። ሱረቱ ኒሳእ 35ኛው አንቀጽ ግን መለያየት ሲያሰጋ ከባል ዘመድ አንድ፣ ከሚስት ዘመድ አንድ ሽማግሌ እንዲላክ ያዛል። አገራችን በሽምግልና የምታውቀውም ይህንኑ፣ ሁለቱንም መስማትን ነው።

ደግሞም መሣሪያው የትዳር ጓደኛችንን አያውቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታችን ዓኢሻ ስትቀየማቸው የሚያውቁት በመሐላዋ ነበር፤ ደስ ሲላት በሙሐመድ ጌታ፣ ስትቆጣ በኢብራሂም ጌታ ትምል ነበር። እንዲህ ያለውን የአንድ ቃል ለውጥ የሚያስተውለው አብሮ የኖረ ሰው ነው።

ታዲያ እንዴት እንጠቀምበት? «ጥፋቱ የማን ነው?» ብለን አንጠይቅ። ልንናገር ያሰብነውን ጽፈን «ስድብና ወቀሳ የሌለበት አድርገህ መልስልኝ» እንበለው። «ሁልጊዜ ኢፍጣር ታዘገያለሽ» የሚለው «ደክሞሻል፤ ሾርባው እስኪደርስ ተምሩንና ውሃውን እኔ ላቅርብ» ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስልኩን አስቀምጠን በራሳችን አንደበት እንናገር። የተጻፈውን ገልብጦ መላክ ሰላም አያወርድም፤ ሚስት የባሏን አነጋገር ታውቃለች።

ገመናን እንጠብቅ። የመኝታ ቤት ምሥጢር ማውጣት በሐዲስ የተወገዘ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ቢወጣም፣ ስምንና ምሥጢርን አለመጻፍ የራሳችን ኃላፊነት ነው። የአንዳችን ስልክ ውስጥ ገብቶ ማንበብም ሱረቱል ሑጁራት የከለከለው ስለላ ነው።

የፍች ቃል ከአፍ ከወጣ ግን ጉዳዩ ለዓሊምና ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ዱላ ካለ ደግሞ ቶሎ ለቤተሰብና ለሕግ ይነገር፤ ማሽን ቆሞ አያስጥልም። የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 መገባደጃ ጀምሮ ለወራት ሲቋረጥ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ግን ከአጠገባችን እንደነበሩ አንርሳ።

ፆመኛ ሲሰድቡት «ፆመኛ ነኝ» እንዲል ታዟል። ይህን ትእዛዝ በመጀመሪያ በገዛ ቤታችን እንፈጽመው። ረመዷን ሙባረክ!