«ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል»፦ የሆድ ድርቀትና የሲሪንቃ ማሳ

ስለ ሆድ ድርቀት ደፍሮ የሚያወራ ሰው ብዙ አይገኝም፤ መድኃኒቱን የሚሸጥ ግን ሞልቷል። ቲክቶክ ከፍቼ ሁለት ሦስት ቪዲዮ ሳላሳልፍ «ሆድ የሚያጸዳ ሻይ»፣ «አንጀት የሚያጥብ ዱቄት» የሚል ማስታወቂያ ከተፍ ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» የሚል አስተያየት ተደርድሯል። እኔ ያደግሁት መርሳ ነው። በእኛ ሰፈር ይህን ሥራ የሚሠሩት አክስቶቻችን ነበሩ፦ ለአንዱ ተልባ፣ ለአንዱ ሰናመኪ፣ ለባሰበት ኮሶ። አክስቶቻችን ብር አይጠይቁም እንጂ ማስረጃቸው ያው ነው፤ «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል»።

ግን «ይሠራል» ሲባል ከምን ጋር ተወዳድሮ ነው? ይህን ለመረዳት ከሀብሩ መውጣት አያስፈልግም። በመርሳና በወልድያ መካከል የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ አዲስ የማሽላ ዝርያ ሲፈተን ብቻውን ተዘርቶ «አምሮበታል» አይባልም። እኩል እኩል በተከፋፈሉ ትንንሽ መደቦች ላይ ከነባሩ ዝርያ ጋር ጎን ለጎን ይዘራል። የትኛው ዘር የትኛው መደብ ላይ ይሁን የሚለውን የሚወስነው ዕጣ ነው። አለዚያ ተመራማሪው ሳያውቀውም ቢሆን የወደደውን ዘር ውኃ የሚተኛበት ጥግ ላይ ያደርገዋል።

ይህ አሠራር ከእርሻ ወደ ሕክምና የተሻገረ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሮትሃምስትድ በተባለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ነው የዕጣውን ዘዴ ያስፋፋው። ከዚያ በ1948 በብሪታንያ ስትሬፕቶማይሲን ለሳንባ ነቀርሳ መሥራት አለመሥራቱ በዚሁ መንገድ ተፈትኖ ውጤቱ ታተመ። እንግዲህ የሀብሩ ገበሬ የሕክምና ሙከራን ግማሹን ያውቀዋል ማለት ነው።

የሆድ ድርቀት ደግሞ ማወዳደሪያ የግድ የሚያስፈልገው ሕመም ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል። ዛሬ ሻይ ጠጥተህ ነገ ቢለቅህ፣ ሻይውን ባትጠጣስ ይለቅህ አልነበር? ለዚህ ነው አንዱ ቡድን መድኃኒት የሌለበት፣ መልኩ ግን መድኃኒት የሚመስል ነገር የሚሰጠው።

በሰናመኪ እንጀምር፤ እሱ በደንብ ተፈትኗል። ጃፓን ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት 90 ሕሙማንን በዕጣ ለሦስት ከፈለ፦ ሰናመኪ፣ ማግኒዥየም ኦክሳይድ፣ ሦስተኛው ባዶ መድኃኒት። ከአራት ሳምንት በኋላ በሁለቱ መድኃኒቶች ከአሥር ሰው ሰባቱ ያህል ተሻለው፤ በባዶው ግን ከአሥር አንዱ ብቻ። አክስቶቻችን ልክ ነበሩ! ሆኖም የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2023 ባወጡት መመሪያ ላይ ጠንከር ያለ ድጋፍ ያገኘው ሰናመኪ አይደለም፤ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። ሰናመኪንም ይፈቅዳሉ፣ ግን በለዘብታ። አንጀቱን ቆንጠጥ አድርጎ ስለሚያስነሳ መጠኑ ሲበዛ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል።

ተልባስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ተልባ የቤታችን ነው። ቻይና ውስጥ በ2020 በታተመ ጥናት 90 የሆድ ድርቀት ያለባቸው ሰዎች ተሳትፈዋል። አንዱ ቡድን በቀን 50 ግራም የተልባ ዱቄት፣ ሌላው ላክቱሎስ የሚባለውን ሽሮፕ ለአራት ሳምንት ወሰዱ። ተልባው ከፋርማሲው ሽሮፕ አላነሰም። ደስ ይላል። ግን በጭፍን አላጨበጭብም። ዱቄትና ሽሮፕ መደበቅ አይቻልም፤ ተሳታፊው የወሰደውን ያውቃል፣ ማወቁ ደግሞ መልሱን ሊለውጠው ይችላል። ባዶ መድኃኒት የወሰደ ቡድንም አልነበረም። 50 ግራም ማለት ደግሞ ሰባት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። በእኛ ቤት ተልባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ አንዳንዴም ተጠልሎ ነው የሚጠጣው። ሲጠለል ገለባው፣ ማለትም አንዱ ዋና የአሰር ክፍል፣ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የቻይናው ውጤት የእኛን ብርጭቆ በቀጥታ አይመለከትም። ሌላም ልጨምር፦ ተልባ ያለ በቂ ውኃ ከተበላ ራሱ ይደርቅና ችግሩን ያብሳል። ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ከተልባው ጋር አብራችሁ አትዋጡት፤ አራርቁት።

ኮሶን ግን ከዚህ ዝርዝር አወጣዋለሁ። ኮሶ የኮሶ ትል መድኃኒት ነው። ማስቀመጡ እውነት ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን መርዝ ይሆናል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ስልክ ይዛችሁ ሽንት ቤት ወደምትገቡት። ቦስተን ውስጥ በ2025 የታተመ ጥናት 125 ሰዎችን ጠይቆና መርምሮ ነበር። ስልክ ይዘው የሚቀመጡት ሰዎች ኪንታሮት የመያዝ ዕድላቸው ከማይዙት በ46 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ሙከራ አይደለም፤ ዕጣ የለውም፤ ስልኩ ኪንታሮቱን አመጣው ማለት አይቻልም። ቢሆንም የሚይዙት ሰዎች ብዙ ደቂቃ ነው የሚቀመጡት። የእስራኤሉ ዶቭ ሲኪሮቭ ደግሞ በ2003 ባሳተመው ሥራ 28 ጤነኛ ሰዎች ራሳቸው ሰዓት ይዘው እንዲጸዳዱ አደረገ። ቁጢጥ ሲሉ በአማካይ 51 ሰከንድ፣ በተለመደው መቀመጫ ላይ 130 ሰከንድ ፈጀባቸው። የገጠሩ የሀብሩ ሰው ያለ ጥናት ቁጢጥ ይላል። ወልድያ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው እግሩ ሥር ዱካ ቢያደርግ ወደዚያው ይጠጋል።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ነፍሰ ጡር ሳለች የታዘዘላትን የብረት ኪኒን ማንም ሳያውቅ ተወችው። ስጠይቃት «ወንድሜ፣ ሆዴን ድንጋይ አደረገው፤ ይህን ለማን ልንገር?» አለችኝ። ፈጠራ አይደለም። በ2015 የታተመ ትንተና 43 ሙከራዎችን፣ 6,831 ሰዎችን ደምሮ አይቶ፣ የብረት ኪኒኑ ሆድን እንደሚያውክ አረጋግጧል። ለእናት ደም ማነስ ደግሞ ቀልድ አይደለም። መፍትሔው ኪኒኑን ወርውሮ ዝም ማለት ሳይሆን ለጤና ባለሙያዋ መናገር ነው፤ አወሳሰዱን መቀየር ወይም ማለስለሻ መጨመር ይቻላል።

ሌላው መነገር ያለበት የአንጀት መጠማዘዝ ነው። በደጋው የአገራችን ክፍል የተለመደ የትልቁ አንጀት መዘጋት መንስኤ ሲሆን፣ በይበልጥ በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ይይዛል። ሆድ ተነፍቶ፣ ፈስ እንኳ አልወጣ ብሎ፣ ሕመሙ ከበረታ ወይም ካስመለሰ ተልባም ሰናመኪም አይነካም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ደም ከታየ፣ ወይም ሰውየው ያለ ምክንያት ከከሳም መመርመር ያስፈልጋል።

እኔ ማየት የምፈልገው ጥናት አንድ ነው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራማሪዎች የእኛኑ የተወቀጠ ተልባ፣ አንዱን ሳይጠለል፣ አንዱን ተጠልሎ፣ ብረት በሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች ላይ በሐኪም ክትትል በዕጣ ቢያወዳድሩት። ዕጣ አወጣጡን ሲሪንቃ ያሉት ያሳዩአቸዋል።