ቅርጹ ሲቀላ፦ በስላይድ ላይ ለሚታይ የቀለም ለውጥ የሚስማሙ የአማርኛ ስያሜዎች

1. የችግሩ መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለግብርና ሠራተኞች ሥልጠና የሚሆን የኮምፒዩተር መመሪያ ወደ አማርኛ ስንመልስ፣ ቀላል ከመሰሉን ዐረፍተ ነገሮች አንዱን «የቅርጹን ቀለም ቀይር» ብለን አለፍነው። በሥልጠናው ዕለት ሠልጣኞቹ የቡና ፍሬን የሚወክለውን አረንጓዴ ክብ መርጠው ቀይ አደረጉትና ሥራውን እንደ ጨረሱ ተናገሩ። መመሪያው የፈለገው ግን ይህን አልነበረም። ክቡ በአረንጓዴነቱ ቆይቶ፣ ገለጻ አቅራቢው ስለ ፍሬው መብሰል በሚናገርበት ቅጽበት በተመልካቹ ፊት እንዲቀላ ነበር የተፈለገው። ሠልጣኞቹ የታዘዙትን በትክክል ፈጽመዋል፤ የተሳሳተው ትርጉማችን ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የስሕተቱን ምንጭ ከሰዋስውና ከቃላት አንጻር መርምረን፣ ለተርጓሚዎች ይረዳሉ ያልናቸውን ስያሜዎች እናቀርባለን። ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፤ አማርኛ የቀለም ለውጥን የሚገልጹ በቂ ግሦች አሉት፤ ችግሩ «ቀለም መቀየር» በሚል አንድ ሐረግ ልዩ ልዩ ነገሮችን መሸፈናችን ነው።

2. የነገሩ ባሕርይ

ስያሜ ከማውጣት በፊት የሚሰየመውን ማወቅ ይገባል። ፓወርፖይንት የተባለው የገለጻ ማዘጋጃ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣውና «2002» በተሰኘው እትም የአኒሜሽን ክፍሉ በእጅጉ ሰፋ። ከዚያ ወዲህ አኒሜሽን በአራት ይመደባል፤ እነርሱም የመግቢያ፣ የአጽንዖት፣ የመውጫና የጉዞ መስመር አኒሜሽን ናቸው። የቀለም ለውጥ የሚመደበው በአጽንዖት ሥር ነው። ምክንያቱም ቅርጹ አስቀድሞ በስላይዱ ላይ አለ፤ ከለውጡም በኋላ ከቦታው አይጠፋም፤ የሚለወጠው መልኩ ብቻ ነው።

በዚህ ለውጥ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ የተለወጠው የቀለሙ ባሕርይ የትኛው ነው? የሚል ነው። አረንጓዴው ወደ ቀይ ሊሻገር፣ ወይም አረንጓዴ እንደ ሆነ ሊፈካ፣ ሊጠቁር ወይም ሊደበዝዝ ይችላል። ሁለተኛው፣ ለውጡ በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? የሚለው ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ቀስ በቀስ ከሆነ በየትኞቹ ቀለሞች በኩል ያልፋል?

ይህን ሦስተኛ ጥያቄ በቡናው ክብ እንመልከት። ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ቀለም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን መጠን ይለካል፤ የእያንዳንዱ መጠን ከ0 እስከ 255 ነው። አረንጓዴው ከ255 ወደ 0 ሲወርድ፣ ቀዩ ከ0 ወደ 255 ሲወጣ፣ ሁለቱ መካከል ላይ በየ128 ገደማ ይገናኛሉ፤ የሚታየውም የወይራ ፍሬ የመሰለ ደብዛዛ ቀለም ነው። ሌላው ስሌት ቀለሞችን በክብ ላይ ይደረድራል፤ ቀይ በ0፣ ቢጫ በ60፣ አረንጓዴ በ120፣ ሰማያዊ በ240 ዲግሪ ላይ ይውላሉ። በዚህ ክብ ላይ በአጭሩ አቅጣጫ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ የሚሄድ በደማቅ ቢጫ በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኤክማ ኢንተርናሽናል የጸደቀው የቢሮ ሰነዶች ደረጃ ሁለቱንም ስሌቶች፣ በክቡም ላይ የሚዞሩበትን አቅጣጫ ጭምር ይቀበላል። ብዙ የቡና ፍሬዎች ከአረንጓዴነት ወደ ቀይነት የሚሸጋገሩት ቢጫ እየሆኑ ስለ ሆነ፣ ለሥልጠናው የሚስማማው ሁለተኛው መንገድ ነው። ሁለቱንም «የቀለም ለውጥ» ብሎ ብቻ ያለፈ ተርጓሚ ይህን ምርጫ ከአንባቢው ይሰውርበታል።

3. ተሳቢው ባለቤት ሲሆን

«ቀየረ» ተሻጋሪ ግሥ ነው፤ ድርጊቱን የሚፈጽም ባለቤትና ድርጊቱ የሚያርፍበት ተሳቢ ይፈልጋል። «ቀለሙን ቀይር» ሲባል ባለቤቱ ታዛዡ ነው፤ ሠልጣኞቹም የተረዱት ይህንኑ ነው። በአኒሜሽን ግን የለውጡ ባለቤት ቅርጹ ራሱ ነው፤ አዘጋጁ የሚያደርገው ያ ለውጥ በጊዜው እንዲደርስ ማሰናዳት ነው። ይህ ልዩነት በአማርኛ ያለ ምንም ችግር ይገለጻል። «ክቡን ቀይ አድርግ» ለቋሚው፣ «ክቡ እንዲቀላ አድርግ» ለአኒሜሽኑ ይሆናል። በመጀመሪያው «ክቡን» ተሳቢ ነው፤ በሁለተኛው «ክቡ» የ«ቀላ» ባለቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ገደብ ይገጥመናል። የመሆን ትርጉም ያለው የራሱ ግሥ ያለው ዋና ቀለም ጥቂት ነው። ነጭ «ነጣ»፣ ጥቁር «ጠቆረ» የሚል ግሥ አለው። «ቀይ» እና «ቀላ»ም በሥርወ ድምፃቸው ባይገጥሙም በትርጉም ተጣምረዋል። አደራራጊያቸውም «አነጣ»፣ «አጠቆረ»፣ «አቀላ» ነው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫና ቡናማ እንዲህ ያለ ግሥ የላቸውም። «ለመለመ» ለዕፅዋት ተወስኗል፤ «ወየበ» ወደ ቢጫ ቢያዘነብልም መበላሸትንና ማርጀትን ያስከትላል። በርሊንና ኬይ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት በቋንቋዎች የቀለም ስሞች ዕድገት መጀመሪያ ላይ ያስቀመጧቸው ጥቁር፣ ነጭና ቀይ መሆናቸውን ለሚያስታውስ፣ የአማርኛ ግሦች በእነዚሁ በሦስቱ ላይ መገኘታቸው ልብ የሚባል ነው። ጥናቱ የሚመለከተው ስሞችን ስለ ሆነ ግን ከዚህ መደምደሚያ ላይ አንደርስም። ለተርጓሚው የሚበጀው፣ ግሥ ላላቸው ቀለሞች ግሡን፣ ለሌሎቹ «ወደ ሰማያዊ እንዲለወጥ አድርግ» የሚለውን አሠራር መጠቀም ነው። በሁለቱም ቅርጹ ባለቤት እንደ ሆነ ይቆያል።

4. ፍካት፣ ድምቀት፣ ጥቁረት

የቀለሙ ዓይነት ሳይለወጥ የሚደርሱትን ለውጦች ለመሰየም የልብስና የክር ገበያን ቋንቋ መስማት ይበቃል። ለጥለት ክር የሚመርጥ ሰው «ፈካ ያለ አረንጓዴ» ሲል ብርሃን የበዛበትን መጠየቁ ነው። ፀሐይ የመታውን ልብስ ግን «ፈካ» አይለውም፤ «ደበዘዘ» ወይም «ቀለሙ ለቀቀ» ይለዋል። እንግዲህ «ፈካ» ከ«ጠቆረ»፣ «ደመቀ» ከ«ደበዘዘ» ጋር ይቃረናል። ፕሮግራሙ ብርሃንን ለመጨመር፣ ብርሃንን ለመቀነስና የቀለሙን ኃይል ለማዳከም ያሉት ሦስት አኒሜሽኖች በ«ማፍካት»፣ በ«ማጥቆር»ና በ«ማደብዘዝ» ይገለጻሉ። «ደማቅ» የሚለውን አንዳንዶች ለጠቆረ ቀለምም ስለሚጠቀሙበት፣ በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ለቀለም ኃይል ብቻ እንዲወሰን እንመክራለን።

5. መጠንና ጊዜ

አማርኛ በ«አለ» የሚጣመሩ ሁለት ዓይነት ግሦች አሉት። «ደመቅ አለ» መለዘብን፣ «ድምቅ አለ» ማጥበቅን ያሳያል። መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያውን ለዝግተኛ፣ ሁለተኛውን ለድንገተኛ ለውጥ ልንመድባቸው አስበን ነበር። ሐሳቡ የሚማርክ ቢሆንም አልጸናም። «ደመቅ አለ» የሚናገረው ስለ ለውጡ መጠን ነው፤ ስለ ቆይታው አይደለም። በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ቀስ ብሎ ፍጹም ቀይ የሆነ ክብ «ቀላ አለ» ቢባል፣ አንባቢው በከፊል ብቻ እንደ ቀላ ይረዳል። ስለዚህ ለጊዜ «ቀስ በቀስ» እና «በቅጽበት» የሚሉት ተውሳከ ግሦች ይቆዩ፤ የመለዘብ ቅርጹ ለትንሽ መጠን ይዋል።

ለተደጋጋሚ ለውጥ «ብልጭ ድርግም» አለን፤ ነገር ግን «ድርግም» ፈጽሞ መጥፋትን ይጠይቃል። ቅርጹ ለአፍታ ሌላ ቀለም ለብሶ ወደ ቀድሞው የሚመለስበት አኒሜሽን አይጠፋም። ለእርሱ ከልብ ትርታ የተወሰደው «የቀለም ትርታ» ይሻላል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ለድረ ገጾች ተደራሽነት እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ነገር እንዳይኖር ያሳስባል፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላልና። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚተረጉም ሰው ዝግ ያለውን ትርታና ፈጣኑን ብልጭታ በአንድ ቃል መጥራት አይገባውም።

6. ስለ ሁለት አከራካሪ ቃላት

«አኒሜሽን»ን «ተንቀሳቃሽ ሥዕል» ማለት ለፊልም ይስማማል፤ ቦታውን ሳይለቅ ለሚቀላ ክብ ግን አይሆንም። በአንዳንድ የተንቀሳቃሽ ስልክ የአማርኛ ገጾች ላይ የሚታየው «እነማ» አጭር ነው፤ ዳሩ ግን አንባቢው ከ«እነማን» ጋር እያምታታ ጥያቄ ያስመስለዋል። ስለዚህ የወል ስሙ «አኒሜሽን» ሆኖ እንዲቆይ፣ አማርኛው በዝርዝር ዓይነቶቹ ላይ እንዲበረታ እንመርጣለን።

ሁለተኛው «ሙሌት» ነው። የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከተከናወነ ወዲህ ቃሉን የማያውቅ የለም። ሆኖም ውኃ ከሥር ወደ ላይ እንደሚሞላ ሁሉ፣ «የሙሌት ቀለም ለውጥ» የሚለው ቀለሙ ከታች ተነሥቶ የሚወጣ ያስመስላል። እንዲህ ያለ መልክ የሚሰጥ አኒሜሽን ደግሞ ለብቻው አለ። ስለዚህ «የውስጥ ቀለም» ይቅደም እንላለን።

7. የቀረቡ ስያሜዎች

የውስጥ ቀለም፦ በቅርጹ ክልል ውስጥ ያለው።
የጠርዝ ቀለም፦ ቅርጹን የሚከብበው መስመር ቀለም።
የፊደል ቀለም፦ የጽሑፉ ቀለም። «ቀለም» የመጻፊያውን ፈሳሽ፣ በሥነ ግጥምም የቃሉን ክፍለ ድምፅ ስለሚያመለክት፣ ያለ ቅጽል ብቻውን ባይጻፍ ይመረጣል።
አቋራጭ ሽግግር፦ በብርሃን መጠኖች ቀጥታ የሚሄድ ለውጥ።
ዙሪያ ሽግግር፦ በቀለማት ክብ ላይ ዞሮ የሚሄድ ለውጥ።
ማፍካት፣ ማጥቆር፣ ማደብዘዝ፦ የቀለሙ ዓይነት ሳይለወጥ የሚደርሱ ለውጦች።
የቀለም ትርታ፦ ለአፍታ ተለውጦ የሚመለስ።
ብልጭ ድርግም፦ እየጠፋ የሚመለስ።

ያ መመሪያ ታርሞ በድጋሚ ሲዘጋጅ ዐረፍተ ነገሩ «ክቡ ከአረንጓዴ በቢጫ በኩል አልፎ ቀስ በቀስ እንዲቀላ አድርግ» ሆኗል። ከቀድሞው ይረዝማል፤ ይሁን እንጂ ሠልጣኙ በመጨረሻ ምን ማየት እንዳለበት ይነግረዋል። ስያሜዎቹን በሥራ ላይ የሚፈትኑ ተርጓሚዎች ያልሠሩባቸውን ስፍራዎች ቢያመለክቱን ዝርዝሩን በዚያው መሠረት እናሻሽለዋለን።