ሱዶን የማይፈቀድለትም ይጠራዋል

ሱዶ በሊኑክስና በዩኒክስ ኮምፒውተሮች ላይ ተራ ተጠቃሚ ሩት በተባለው የበላይ አካውንት ሥልጣን ትዕዛዝ እንዲያስፈጽም የሚያስችል መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ቡፋሎ በሚገኘው የኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ተጻፈ፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ቶድ ሚለር ይንከባከበዋል። የሩትን ፓስወርድ ለሁሉም ከማደል ያዳነን፣ ማን ምን እንዳዘዘም የሚመዘግብልን እሱ ሆኖ ሳለ የሚገባውን ምስጋና አላገኘም።

ብዙ አድሚኖች ስሙ የተፈቀደላቸው በሚዘረዘሩበት የሱዶኤርስ ፋይል ያልሰፈረ ተጠቃሚ በሱዶ በኩል ጉዳት ሊያደርስ እንደማይችል ያምናሉ። እምነቱ ስሕተት ነው። የሱዶ የራሱ ፕሮግራም ፋይል የሩት ንብረት ሆኖ ሴትዩአይዲ የተባለው ምልክት ስላለበት፣ ማንም ይጥራው ማን ሱዶ የሚነሣው ሩት ሆኖ ነው፤ ስምና ፓስወርድ የሚያጣራው ከዚያ በኋላ ነው። ኳሊስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በጥር 2021 ይፋ ያደረገው “ባሮን ሳምዲት” የተሰኘ ቀዳዳ ይህንኑ አሳይቷል። ባክስላሽ ለፕሮግራሙ “ቀጥሎ ያለውን ፊደል እንዳለ ውሰድ” ማለት ነው። ሱዶ በሼል አማራጭ ሲሠራ አስቀድሞ በልዩ ምልክቶች ፊት ባክስላሽ ይጨምራል፣ ኋላ ደግሞ ያነሣዋል። ፋይል ለማረም በሚያገለግለው ሱዶኤዲት በኩል በዚሁ አማራጭ ሲገባ ግን መጨመሩ ተዘልሎ ማንሣቱ ብቻ ይቀራል። የተሰጠው ቃል በነጠላ ባክስላሽ ካለቀ ቀጣዩ “ፊደል” የጽሑፉ ማብቂያ ምልክት ነው፤ ኮዱ እሱን ቀድቶ ያልፈውና ከተመደበለት ሚሞሪ ውጭ መጻፉን ይቀጥላል። ፓስወርድ ሳይጠየቅ፣ ስሙ ሳይመዘገብ፣ ማንኛውም ተጠቃሚ ሩት መሆን ይችል ነበር። ስሕተቱ ኮዱ ውስጥ የገባው በሐምሌ 2011 ነው፤ የታረመው በሱዶ 1.9.5ፒ2 ስሪት ነው።

“አጥቂው መጀመሪያ ማሽኑ ውስጥ መግባት አለበት” የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በድረ ገጽ ክፍተት የገባ ሰው የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ አቅመ ቢስ አካውንት ነው፤ ሰርቨሩን ሙሉ በሙሉ የሚያስረክበው እንዲህ ያለው ቀዳዳ ነው። “እንግዲያው ሱዶ ይወገድ” ማለትም መፍትሔ አይሆንም፤ ሱ የተባለው አሮጌው ትዕዛዝም ሴትዩአይዲ ነው፤ በዚያ ላይ የሩትን ፓስወርድ ያስጋራል። ትክክለኛው መንገድ ከፈቃድ በፊት በሩት ሥልጣን የሚሮጠውን ኮድ ማሳነስ ነው፤ ኦፕንቢኤስዲ የተባለው የዩኒክስ ቤተሰብ ሥርዓት በ2015 ሱዶን እጅግ በሚያንሰው ዱአስ በተባለ መሣሪያ ተክቶታል። ሱዶን ይዘን የምንቀጥል ደግሞ “የእኛ ተጠቃሚዎች ዝርዝሩ ውስጥ የሉም” እያልን አፕዴት ማሳደር የለብንም፤ ዝርዝሩ የሚከለክለው ትዕዛዝን እንጂ ሱዶን መጥራትን አይደለም።