ያለ ዕድሜ ማረጥና የሆርሞን ሕክምና

ማረጥ የሚለው ቃል ሲነሣ በሐሳባችን የምትመጣው የልጅ ልጅ ያየች እናት ናት። የብዙዎቹ ሴቶች ወር አበባ የሚቋረጠው በ50 ዓመት ገደማ ስለ ሆነ ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን ከ45 ዓመት በፊት የሚያርጡ ሴቶች አሉ፤ ከመቶ ሴቶችም ቢያንስ አንዲቱ ገና 40 ዓመት ሳይሞላት ይህ ይደርስባታል። አንባቢዎቻችን ወጣቶች ስለ ሆኑ ነገሩ እኛን አይመለከትም ይሉ ይሆናል። ሆኖም የ35 ዓመት ሴት የአንዱ እኅት፣ የሌላው ባለቤት፣ ወይም በአጠገቡ ካለው ጠረጴዛ የምትሠራ ባልደረባ ናት።

ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ በዘር የሚወረስ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም እንቁላል የሚያመነጩት ዕጢዎች በቀዶ ጥገና በመውጣታቸው ወይም በነቀርሳ ሕክምና በመጎዳታቸው ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ወር አበባ ይዛባል፣ ከዚያም ይቀራል። ፊትንና ደረትን ድንገት እንደ እሳት ወላፈን የሚመታ ሙቀት ይመጣል፤ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ያለ ምክንያት መበሳጨት ይከተላሉ። በዚህ ዕድሜ ማረጥን የሚጠረጥር ሰው ስለማይገኝ፣ ሴቲቱ የሥራ ብዛት ነው እየተባለች ብዙ ወራት ታሳልፋለች።

የጎደለው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ነው። ይህን ሆርሞን በመድኃኒት መተካት አዲስ ነገር አይደለም፤ ታሪኩ ግን እጅግ የተጋነነ ተስፋና እጅግ የተጋነነ ፍርሃት የተፈራረቁበት ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1966 ሮበርት ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ኤስትሮጅን ሴትን ለዘለዓለም ወጣት ያደርጋል የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ መድኃኒቱም እንደ ጉድ ተሸጠ። በ1975 ደግሞ ኤስትሮጅንን ብቻውን የሚወስዱ ሴቶች የማሕፀን ነቀርሳ እንደሚበዛባቸው ታወቀ። ስለዚህ ማሕፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን ወይም እርሱን የሚመስል መድኃኒት አብሮ መስጠት ደንብ ሆነ።

ታላቁ ድንጋጤ የመጣው በ2002 ነው። በአሜሪካ አገር ሁለቱን ሆርሞኖች በአንድነት በ16,608 ሴቶች ላይ ይመረምር የነበረው ታላቅ ጥናት ከቀኑ በፊት ተቋረጠ። በየዓመቱ ከ10,000 ሴቶች ውስጥ የጡት ነቀርሳ የሚይዛቸው በ8 ያህል በልጠው ተገኝተው ነበርና፤ የደም መርጋትና በአንጎል ውስጥ የሚደርስ የደም ዝውውር አደጋም ጨምሮ ነበር። ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ ብዙ ሴቶች መድኃኒቱን ጣሉ፤ ብዙ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ።

እዚህ ላይ እንቆም ዘንድ ይገባናል። በዚያ ጥናት የገቡት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ታናሺቱም 50 ዓመቷ ነበር። የ35 ዓመት ሴት በመካከላቸው አልነበረችም። ለ63 ዓመት ሴት የሚሰጠው ሆርሞን ሰውነቷ በጊዜው ካቆመው በላይ የሚጨመር ነው። የ35 ዓመቷ ግን የምትቀበለው፣ እኩዮችዋ ያለ መድኃኒት ከሰውነታቸው የሚያገኙትን ነው። እርሱን መከልከል ራሱ ጉዳት አለው፤ አጥንትዋ ያለ ጊዜው ይሳሳል፣ በልብ በሽታ የመያዝ ዕድልዋም ይጨምራል። በእኛ አስተያየት የ2002ቱን ቁጥር ሳይመረምሩ ለእርስዋ መንገር ስሕተት ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች ዛሬ የሚመክሩት፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ፣ ሕክምናው ቢያንስ ማረጥ በተለመደበት እስከ 50 ዓመት ገደማ እንዲቀጥል ነው። መድኃኒቱ በሚዋጥ እንክብል፣ በቆዳ ላይ በሚለጠፍና በሚቀባ መልክ ይገኛል። በቆዳ የሚገባው በሚዋጠው ላይ ከሚታየው የደም መርጋት ሥጋት የራቀ ነው። ሙቀቱና ላቡ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንቶች ውስጥ ይቀንሳሉ። የጡት ነቀርሳ ይዟት የነበረች ሴት ግን በአብዛኛው ይህ ሕክምና አይሰጣትም፤ ለሙቀቱ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይፈለግላታል።

ከ40 ዓመት በታች ሆና ወር አበባዋ ያለ እርግዝና ለ3 ወር ያህል የቀረባት ሴት ወደ ሐኪም ቀርባ ደምዋን ብትመረመር መልካም ነው። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ከእነዚህ ሴቶች ጥቂቶቹ ያለ ማንም እርዳታ ያረግዛሉ። ምትክ ሆርሞኑም እርግዝናን አይከላከልም፤ ስለዚህ ልጅ የማትፈልግ ሴት ስለ መከላከያው ለብቻው ሐኪምዋን መጠየቅ አለባት።