ቡናው ለምን ይነጣል?

ጥሬ ቡና የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጆንያው ዘግኖ ያሸታል፣ ስባሪና ድንጋይ ይፈልጋል፣ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። ፍሬውን ወደ ብርሃን ወስዶ ቀለሙን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ቡናው እንዴት እንደደረቀና የት እንደከረመ ከቀለሙ በላይ የሚናገር ምልክት የለምና። በወጉ ደርቆ በወጉ የተቀመጠ የካፋ ቡና ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። ታጥቦ የተዘጋጀው ደግሞ ሰማያዊ ጥላ ይጨምርበታል። አያያዙ ሲበላሽ መጀመሪያ ጠርዙ ይነጣል፤ ንጣቱ ቀስ በቀስ ወደ መሀል ይገባል፤ በመጨረሻ ፍሬው የገለባ ቀለም ይይዛል። እንዲህ ያለው ቡና ሲቆላ እኩል አይጠቁርም፤ ሲፈላም የጆንያና የእንጨት ጣዕም ይሰጣል።

ስለ ካፋዋ ከተማ ስለ ቦንጋ መሠረታዊው ነገር የታወቀ ነው። የካፋ ዞንና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አላት፤ በዙሪያዋ ያለው የጫካ ቡና አገር እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ለኔ ጉዳይ የሚያስፈልገኝ ግን ዝናቡ ነው። ካፋ ዝናብ አይለየውም። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናውን የሚያበቅለው እርጥብ አየር፣ ቡናው ከተለቀመ በኋላ የቀለሙ ጠላት ይሆናል። ለቀማው ከተጀመረ በኋላ እንኳ ከሰዓት በኋላ ደመና ይመጣል፤ ሌሊት ጉምና ጤዛ ይወርዳል። የጫካ ቡናን ቀለም ጠብቆ ለገበያ ማድረስ ትልቅ ሙያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። «ቡናውን ፀሐይ አነጣው» የሚል አባባል በገበያ ሁሉ አለ። ከዚህም የባሰ «ነጭ ከሆነ በደንብ ደርቋል ማለት ነው» የሚል አለ። ሁለቱም ሰው ያሳስታሉ። ፀሐይ ምንም ጥፋት የለባትም አልልም፤ የቀትር ሐሩር የታጠበውን ቡና ነጭ ቅርፊት ይሰነጥቃል፣ ከመጠን ያለፈ ድርቀትም ቀለሙን ያገረጣዋል፣ ሲፈለፈልም ያሰባብረዋል። ስለዚህ ነው ጎበዝ አድራቂ ቀትር ላይ የማድረቂያውን አልጋ የሚሸፍነው። ዋናው አንጪ ግን ተመልሶ የሚገባ ውኃ ነው።

ቡና ዘር ነው፤ ዘር ደግሞ ሕይወት አለው። ቀዩ እሸት ሲለቀም ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውኃ ነው። በአልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ቶሎ ቶሎ እየተገላበጠ፣ እንደ አየሩ ሁኔታ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንት ከቆየ በኋላ እርጥበቱ 11 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። በዚያ መጠን ዘሩ ይተኛል፤ የሚተነፍሰው እጅግ ትንሽ ነው። ጤዛ ሲያርፍበት ወይም እርጥብ መጋዘን ውስጥ ሲከርም ግን ውኃውን መልሶ ይጠጣል። ያብጣል፣ ይነቃል፣ ያከማቸውን ስኳር ያቃጥላል፤ በውስጡ ያለው ዘይትም ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይበላሻል። በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣ እንደገና ይኮማተራል። ይህ ማበጥና መኮማተር በተደጋገመ ቁጥር ቀለሙ ይሸሻል። ያ ነጭ ቡና እንግዲህ ብዙ የደረቀ ሳይሆን ደርቆ እንደገና የራሰ ነው።

ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ በሆነበት መጋዘን ቡና ከ11 እስከ 12 በመቶ ላይ ይረጋል፤ አየሩ 80 በመቶ ሲደርስ ቡናውም ወደ 15 ያሻቅባል። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ውሳኔ እርጥበቱ ከ8 በመቶ በታች ወይም ከ12.5 በመቶ በላይ የሆነ ቡና ወደ ውጭ እንዳይላክ መክሯል። ከ12.5 በላይ ሲሆን ከቀለሙ መጥፋት ሌላ ሻጋታ ይከተላል፤ ሻጋታው ደግሞ ለጤና የሚያሰጋ መርዝ ያመነጫል።

መፍትሔውን የካፋ እናቶች ያውቁታል። ከቦንጋ ወጣ ባለች መንደር የጎበኘኋቸው አንዲት እናት ቡናቸውን የሚያስቀምጡት በጀንፈል፣ ማለትም ከነደረቀ ገለባው ነው፤ የዕለቱን ብቻ ወቅጠው፣ አንፍሰው፣ ይቆላሉ። ለምን አንድ ጊዜ አስፈልፍለው እንደማያርፉ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ልብሱን ገፍፈህ ብርድ ላይ ታሳድረዋለህ?» አሉኝ። ከደረቀው ገለባ ውስጥ ያወጡት ፍሬ ገና አረንጓዴ ነበር።

ሳይንሱም ከእሳቸው ጋር ነው። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ቅርፊቱ ያልተነሣለት ቡና ከተፈለፈለው ይልቅ ለረጅም ጊዜ የመብቀል ኃይሉን ጠብቆ እንደሚቆይ አሳይተዋል። ሽፋኑ የአየሩ እርጥበት ከፍ ዝቅ ሲል ዘሩን በቀጥታ እንዳያገኘው ይከላከላል፤ ከብርሃንና ከመፋተግም ያድነዋል። ታጥቦ የሚዘጋጀውም ቡና ቢሆን ነጋዴው ፓርችመንት የሚለውን ቅርፊት እንደለበሰ ቢከርም ይሻለዋል። እንግዲህ ለመሸጥ ወይም ለመላክ ጊዜው ሳይደርስ ቡናን መፈልፈል ቀለሙን አሳልፎ መስጠት ነው። ጀንፈል ቦታ ይይዛል፣ ለማጓጓዝም ይከብዳል፤ ይገባኛል። የሚያተርፈው ግን ከዚህ ይበልጣል።

ጀንፈሉ መድረሱን ለማወቅ ዘግነው ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት፤ ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል። ጀምበር ሳትጠልቅ ሰብስቦ በሸራ መሸፈን፣ ጠዋት ጤዛው ሳይተን አለመግለጥ ግድ ነው። መጋዘን ውስጥ ጆንያው ሲሚንቶ አይንካ፤ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ይነጠፍ፣ ከግድግዳውም ይራቅ። አየር የማያስገቡት አዳዲስ ከረጢቶች ጥሩ ናቸው፤ ቡናው ራሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እየተነፈሰ ስለሚቀንሰው መበላሸቱ ይዘገያል። እርጥብ ቡና ከከተቱባቸው ግን እርጥበቱን አፍነው ያስቀሩታል።

የከተማው ሰውም ከወቀሳ አያመልጥም። ባለሱቁ የተፈለፈለውን ቡና በር ላይ አፉን ከፍቶ ያስቀምጠዋል፤ ቀን ብርሃን፣ ማታ እርጥበት ይፈራረቁበታል። ቤት ውስጥ ደግሞ የወር ቡና አንዴ አጥቦ፣ አስጥቶ፣ በፌስታል ቋጥሮ የሚያስቀምጥ አለ። ማጠብ ጥሩ ነው፤ ግን ምጣዱ ሲጣድ ይታጠብ። ታጥቦ የከረመ ቡና በቤት ውስጥ የተነጣ ቡና ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ጥሬ ቡና ስትገዙ ከዋጋው በፊት መቼ እንደተፈለፈለ ጠይቁ። ከዚያ ጥቂት ፍሬ ይዛችሁ ወደ በሩ ውጡና ጠርዙን እዩ። ነጣ ካለ አትግዙት። ሻጩ «ስለደረቀ ነው» ካላችሁም አትቀበሉት።